ጃፓንን በተውሶ ዓይን

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች «ጃፓንኛና የጃፓን ባህል» የሚባል ማይነር ይሸጣሉ። «ይሸጣሉ» ያልኩት አፌ ስቶ አይደለም። አምስት ስድስት ኮርስ፣ አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስምንት ክሬዲት፣ ከዚያ ከዲግሪው ስም ሥር አንዲት መስመር ትጨመራለች። ወላጅ ይከፍላል፣ ልጅ ይመረቃል፣ መስመሯ ትራንስክሪፕቱ ላይ ትሰፍራለች። ተመራቂው ግን ቶኪዮ የታተመ ጋዜጣ ቢሰጡት አንዱን አንቀጽ አይወጣውም። እኔም ያችን መስመር ይዘው ከወጡት አንዷ ነኝ። ዋናው ትምህርቴ አካውንቲንግ ስለሆነ ከንዴቱ በፊት ሒሳቡን እንሥራ።

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት የራሱ ተቋም አለው። ይህ ተቋም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ እጅግ ከባድ ናቸው ብሎ ለብቻ ከመደባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ጃፓንኛ ነው፤ ለሥራ የሚያበቃ ደረጃ ለመድረስ 88 ሳምንት፣ 2,200 የክፍል ሰዓት ያስፈልጋል ይላል። ማይነሩስ? ቋንቋውን በሳምንት አምስት ሰዓት፣ በሴሚስተር አሥራ አምስት ሳምንት፣ ለአራት ሴሚስተር ቢያስተምር 300 ሰዓት ነው፤ ያውም የፈተናው ሳምንትና የበዓሉ ቀን ሳይቀነስለት። በየዩኒቨርሲቲው በብዛት የሚያዘው መማሪያ «ገንኪ» ይባላል፤ ሁለት ቅጽ ነው። ሁለቱንም አጥንቶ የጨረሰ ተማሪ ካንጂ ከሚባሉት ቃል ወካይ ሆሄያት 317 ያውቃል። የጃፓን ልጅ ስድስተኛ ክፍልን እስኪጨርስ 1,026 ይማራል፤ መንግሥት ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ ያወጣው ዝርዝር ደግሞ 2,136 ነው። እንግዲህ በየትኛው መዝገብ ነው ይህ ሒሳብ «ጃፓንኛ ተምሯል» ተብሎ የሚዘጋው?

የጎደለው በምን እንደተሞላ ልንገራችሁ። በ«ባህል»። ሳሙራይ በእንግሊዝኛ፣ ዜን በእንግሊዝኛ፣ የሻይ ሥርዓት በእንግሊዝኛ፣ የኩሮሳዋ ፊልም በግርጌ ትርጉም። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ስለ ጃፓኖች ትዕግሥትና ሥርዓት ወዳድነት ስሰማ ከርሜ፣ አንድም ጃፓናዊ በራሱ ቋንቋ የጻፈውን ሳላነብ «ኤ» ተሰጥቶኛል። ይህ ትምህርት አይደለም፤ የኤርፖርት የስጦታ ሱቅ ነው። ለሱቁ የማይመቸው ዕቃ መደርደሪያው ላይ አይወጣም። በ1923 ከካንቶው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ «ኮሪያውያን ጉድጓድ መረዙ» በሚል የሐሰት ወሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮሪያውያን በሲቪል ጠባቂዎች፣ በፖሊስና በወታደር እጅ መገደላቸው አልተነሣም። በሰሜን ሆካይዶ የአይኑ ሕዝብ መሬቱንና ቋንቋውን እንዴት እንደተነጠቀ አልተነሣም። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የመምህራኑ ጥፋት አይደለም። ቋንቋውን ያስተማሩኝ ሴትዮ ኮንትራታቸው በየሴሚስተሩ የሚታደስ፣ ጠዋት እዚህ ከሰዓት ሌላ ከተማ የሚያስተምሩ፣ ደብተራችንን ባቡር ላይ የሚያርሙ ሰው ነበሩ። የሆሄ አጻጻፋችን ላይ አንዲት ጭረት ከቦታዋ ብትዛነፍ አያልፉንም። እኒህን ሴት በአራት ዓመት ቅጥር ቢይዟቸው ከእኛ መካከል አንባቢ ይወጣ ነበር። የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ግን በሦስተኛው ዓመት ሊሰጥ የሚገባውን የንባብ ክፍል ካታሎጉ ላይ ጽፎ ያስቀምጠዋል፣ ምዝገባ ሲደርስ «በቂ ተማሪ አልተገኘም» ብሎ ይሰርዘዋል። በዚያው ሴሚስተር በእንግሊዝኛ የሚሰጠው የሳሙራይ ኮርስ አዳራሽ ሞልቶ ይሰጣል። ቋንቋው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ማይነሩ ያልቃል።

«የሚማር ጠፍቶ ነው» እንዳይሉን። የአሜሪካ ዘመናዊ ቋንቋዎች ማኅበር ባደረገው ቆጠራ ከ2016 እስከ 2021 ባለው ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ከእንግሊዝኛ ውጪ ቋንቋ የሚማረው ሰው በ16.6 በመቶ ቀንሷል፤ ጃፓንኛ የቀነሰው ግን በ4.6 በመቶ ብቻ ነው፤ እንዲያውም ጀርመንኛን አልፏል። ፈላጊ አለ። የሌለው ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ወንበር የሚያቆይለት አስተዳደር ነው። በ2023 ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የዓለም ቋንቋዎች ትምህርት ክፍሉን ለማፍረስ ሲነሣ፣ ቋንቋን በኢንተርኔት መተግበሪያ መማር ይቻላል የሚል ሐሳብ ከአስተዳደሩ ወገን ተሰምቶ ነበር። አናቶሚን በስልክ ተማሩ ያለ ዲን ግን እስካሁን አልሰማሁም።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር ልምጣ፤ ይበልጥ የሚያበግነኝ እዚህ ነውና። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ ለቅሶም ይሁን ክርስትና፣ ጃፓንኛ እንደምማር የሰማ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነበር፦ «ምን ይበላበታል?» አንድ የአባቴ ጓደኛ፣ የማከብራቸው ሰው፣ ሰው በተሰበሰበበት ያዙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ሁሉ ነርሲንግ ሲማር አንቺ ጃፓን? ዘመድ አለሽ እንዴ እዚያ?»

«ጋሼ፣ ዋናው ትምህርቴ አካውንቲንግ ነው። ጃፓንኛው ተጨማሪ ነው።»

«ተጨማሪ ከሆነማ ትርፍ ነዋ!»

ቤቱ በሳቅ አለቀ። እሺ ጋሼ፤ መልሴን ያኔ ስላላስጨረሱኝ አሁን ልስጥ። አይበላበትም። እስከ ዛሬ ጃፓንኛ አንድ ዶላር አላስገባልኝም፤ ደንበኞቼ ቀረጥ እንዳሰላላቸው እንጂ ሃይኩ እንዳነብላቸው አይቀጥሩኝም። ታዲያስ? ድምፃዊው አቤል ተስፋዬ በ2016 ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ትምህርት 50,000 ዶላር ሲለግስ በየቤታችን እልል ያልነው ግዕዝ ስለሚበላበት ነበር? የሚበላበትን ለመማር ማንም ምክር አይፈልግም፤ ራብ ራሱ ያስተምራል። ዩኒቨርሲቲ የሚያስፈልገው ለሌላው ነው።

ደግሞም እኒያው ጋሼ፣ እዚያው ቤት፣ ምሳው ተነሥቶ ቡናው ሲደርስ ምን አሉ? «ጃፓን እኮ ባህሏን ሳትለቅ የሠለጠነች አገር ናት።» ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። በሬዲዮ ሰምተናታል፣ በጽሑፍ አንብበናታል፣ በስብሰባ ተሰብከናታል። ስለ ጃፓን እንደ እኛ የሚያወራ፣ እንደ እኛ ደግሞ ከጃፓን አንድ ገጽ ያላነበበ ሕዝብ ካለ አሳዩኝ።

ዓረፍተ ነገሯን እንመርምራት። በ1871 አገሪቱን ለማዘመን የተነሣው የሜጂ መንግሥት ወንዶች የአናታቸውን ቁንጮ እንዲቆርጡ ፈቀደ፤ ጥቂት ቆይቶ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተቆረጡ። በ1876 ሳሙራይ ሰይፍ ታጥቆ መውጣት ተከለከለ። ከ1868 ጀምሮ ሺንቶ ከቡድሃ እምነት ይለይ የሚል ትእዛዝ ወጥቶ፣ ይህንኑ ተከትሎ ብዙ የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ፈረሱ፣ ምስሎች ተሰበሩ፣ መነኮሳት ተበተኑ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የዘመን መቁጠሪያቸውን ጣሉት! በ1872 መጨረሻ፣ አንድ ወር እንኳ የማይሞላ ጊዜ ሰጥተው፣ ከጥር 1 ቀን 1873 ጀምሮ በአውሮፓ ቀመር እንቆጥራለን ብለው አወጁ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሒሳብ ሠራተኛን የሚያስቅ ነው፦ በአሮጌው ቀመር የሚመጣው ዓመት አሥራ ሦስት ወር ይሆን ስለነበር፣ ባዶ ካዝና የያዘው መንግሥት ለሠራተኛው አሥራ ሦስተኛ ደመወዝ ከመክፈል ተገላገለ። የአሥራ ሦስት ወር ፀጋን ይዘን የምንኮራ እኛ፣ ይህንን አገር ነው «ባህሏን ሳትለቅ» የምንለው። ለቃለች። ብዙ ለቃለች። አንዳንዱን ወዳ፣ አንዳንዱን በጉልበት። የትኛውን ለምን ለቀቀች፣ የትኛውን ለምን ያዘች፣ ማን አተረፈ፣ ማን ተጎዳ የሚለው ነው ጥያቄው፤ መልሱም የሚገኘው በዘመኑ ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ ነው። ያ ጽሑፍ በጃፓንኛ ነው።

አያቶቻችንን ልወቅስ አይደለም፤ ከእኛ እነሱ ይሻሉ ነበር። ጥያቄው ለእነሱ የሞት ሽረት ነበር። ዓድዋ በ1896፣ ጃፓን ሩሲያን የረታችበት የትሱሺማ የባሕር ጦርነት በ1905፦ አውሮፓን ያሸነፉ ሁለት አገሮች፣ አንዱ ወደ ፊት ሲገሠግሥ ሌላው ቆሞ ለምን ቀረ? ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይህ ነገር እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ባሕር ተሻግረው ሄደው አይተው፣ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጽፈዋል። ከበደ ሚካኤል በኋላ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» አሉ። የኅሩይ የጉዞ ጓድ የነበሩት ልጅ አርአያ አበበ ደግሞ ኩሮዳ ማሳኮ ከተባለች የመኳንንት ልጅ ጋር ሊጋቡ ነው ተብሎ የዓለም ጋዜጣ ተንጫጫ፤ ሳይሆን ቀረ። (ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ የሚያወራው ስለ ጋብቻው ብቻ መሆኑም ይገርመኛል።)

ግን እነዚህ ሰዎች ጃፓንን ያነበቡት በማን ቋንቋ ነበር? ገብረ ሕይወት የተማሩት በጀርመንኛ ነው፤ ከበደ በፈረንሳይኛ። በ1931 የወጣውን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥታችንን ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሩሲያ ያደጉ ሰው ነበሩ። አምሳያው የ1889ኙ የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው፤ የሜጂው ደግሞ ፖለቲከኛው ኢቶ ሂሮቡሚ በ1882 አውሮፓ ሄዶ ከፕሩሲያ ቀድቶ ያመጣው ነው። ቅጂውን ቀዳን። የንጉሠ ነገሥቱን ቅዱስነትና አለመደፈር ወሰድን። ያንን ወረቀት ያመጣውን ላብ ግን አልወሰድንም።

ላቡ ይህ ነው። በ1774 ሐኪሙ ሱጊታ ገንፓኩና ጓደኞቹ አንድ በደችኛ የተጻፈ የአካል መጽሐፍ ተርጉመው አሳተሙ። ሥራውን ሲጀምሩ ሱጊታ ራሱ ደችኛ እዚህ ግባ በሚባል ደረጃ አያውቅም ነበር፤ አንዳንዷን መስመር ለመፍታት ቀን ሙሉ ተቀምጠዋል፣ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ፉኩዛዋ ዩኪቺ በወጣትነቱ ደችኛን ሌት ተቀን አጥንቶ፣ በ1859 አዲስ የተከፈተችውን ዮኮሃማን ሊያይ ሄደ። የሱቆቹን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው፤ ነጋዴው የሚጠቀመው በእንግሊዝኛ ነበር። ተስፋ ቆርጦ ተመለሰ፤ ወዲያው ደግሞ እንግሊዝኛን ከ«ኤ ቢ ሲ» ጀመረ። በኋላ መጻሕፍቱን ያነበበው ሕዝብ ስፍር ቁጥር አልነበረውም። ጃፓን የሠለጠነችው በእንዲህ ያሉ ቀበዝባዛ የቋንቋ ተማሪዎች ትከሻ ላይ ነው። እነዚህን ደግሞ «ምን ይበላበታል» ያላቸው አንድ ጋሼ አይጠፋም ነበር።

በሌላ ሰው ዓይን የማየት ዋጋው ስንት እንደሆነ በ1935 አወቅነው። ጣልያን ጦሯን ስታከማች አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው ዓይኑን ወደ ቶኪዮ አቅንቶ ነበር። ጃፓን ውስጥም ለኢትዮጵያ የሚጮኹ ቡድኖች ነበሩ፣ እውነት ነው። ሆኖም በሐምሌ ወር ሮም የነበረው የጃፓን አምባሳደር ሱጊሙራ ዮታሮ አገሩ በኢትዮጵያ ጉዳይ እንደማትገባ ለሙሶሊኒ ነገረው። በ1936 መጨረሻ ጃፓን ጣልያን ኢትዮጵያን መያዟን በይፋ አወቀች፤ ጣልያንም በፈንታዋ ጃፓን ማንቹሪያን መያዟን አወቀችላት። የጃፓንን ጋዜጣ በየቀኑ የሚያነብ ሰው አዲስ አበባ ላይ ቢቀመጥ ጦርነቱ ይቀር ነበር አልልም። ከማን ምን እንደማይጠበቅ ግን አስቀድሞ ይታወቅ ነበር።

ጃፓኖቹስ? የኅሩይን መጽሐፍ በ1934 ወደ ጃፓንኛ አስተረጎሙት። ፉኩይ ካትሱዮሺ የሚባል የሰው ባህል አጥኚ፣ የደቡብ ኦሞ ቦዲዎች የከብቶቻቸውን ቀለምና ዝንጉርጉርነት እንዴት ለይተው እንደሚጠሩ ለማወቅ ከእነሱው ጋር ኖሮ፣ ከብት ተከትሎ፣ መጽሐፍ ጻፈ። ሺገታ ማሳዮሺ የአሪ ሰዎች እንሰትን እንዴት እንደሚለዩና እንደሚንከባከቡ አጠና። በ1997 አሥራ ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ የተካሄደው የት ነው? ኪዮቶ! ስለ ቦዲ ከብት በጃፓንኛ የተጻፈ አለ። ስለ አንድ የሆካይዶ ገበሬ ላም በአማርኛ የጻፈ ሰው የት አለ?

የሚያናድደው ደግሞ ጃፓንኛ ለእኛ ይቀለን የነበረ መሆኑ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ የክፍል ጓደኞቼ ሲሰቃዩ እያየሁ ነው የገባኝ። ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል ሲባሉ አሜሪካውያኑ ልጆች ይቃትታሉ፤ እኔ ደግሞ «ሌላ የት ሊመጣ ነበር?» እላለሁ። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ለማለት ጃፓኖች «ኪኖ ካታ ሆን» ይላሉ፤ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፣ አንዱንም ቃል ከቦታው ማንሣት አያስፈልግም። መማሪያ መጽሐፉ ግን ይህን ለማስረዳት ገጽ በገጽ ላይ ይደርታል፣ የተጻፈው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነዋ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ የሚፈራው «ቴ-ፎርም» የሚሉት አለ። ምንድን ነው ሲሉት የእኛ ቦዝ አንቀጽ ነው፦ «ተነሥቼ፣ ታጥቤ፣ በልቼ ሄድኩ»። እነሱም ልክ እንደዚያ ግስ በግስ ላይ ይደረድሩና የመጨረሻው ላይ ያሳርፋሉ። እኛ «ቀምሰህ እየው» እንደምንል እነሱም «ታቤቴ ሚሩ» ይላሉ፤ በልቶ ማየት። ሀ ሁ የቆጠረ ልጅ በ46ቱ የሂራጋና ፊደላት አይደነግጥም፤ አብዛኛው ሆሄ ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ መያዙ ለእሱ አዲስ አይደለም። አንቱን ከአንተ ለይቶ ያደገ ሰውም ለማን በምን ግስ እንደሚናገር መምረጥ አይከብደውም። ለአማርኛ ተናጋሪ ተብሎ የተዘጋጀ የጃፓንኛ መማሪያ በየመደብሩ ቢኖር ግማሹን ስቃይ ይቀንሳል። ለዚህ ግን መጀመሪያ አማርኛውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ እዚህ ተወልደው ፊደል ያልቆጠሩ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው።

ማንበብ ምን እንደሚሰጥ አንድ ነገር ልንገራችሁና ፍረዱ። የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። አበበ ቢቂላ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ፣ ሣሩ ላይ ወጥቶ ሰውነቱን አፍታታ፣ ዓለም አፉን ያዘ። ሦስተኛ የወጣውንስ ማን ያውቀዋል? ትሱቡራያ ኮኪቺ ይባላል፤ የፉኩሺማዋ ሱካጋዋ ልጅ፣ ወታደር። ስታዲየም ሲገባ ሁለተኛ ነበር፤ በአገሩ ሕዝብ ፊት እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ ቀደመው። ለሜክሲኮው ኦሎምፒክ ይዘጋጅ ተብሎ የጦር አለቆቹ ጋብቻውን አስተዉት። ወገቡ ታመመ። በጥር 1968 በሃያ ሰባት ዓመቱ ራሱን አጠፋ።

የተወው ደብዳቤ ጃፓን ውስጥ ይታወቃል፤ የኖቤል ተሸላሚው ካዋባታ ያሱናሪም አድንቆ ጽፎለታል። ደብዳቤው ላይ ስለ ሩጫ የሚወራው ጥቂት ነው። ለአዲስ ዓመት ቤተ ዘመድ ያበላውን እየዘረዘረ ያመሰግናል፦ እናትና አባቱን፣ ወንድሞቹን በየስማቸው፣ የወንድሞቹን ሚስቶች። የደረቀ ካኪ የሚሉት ፍሬ፣ ሞቺ፣ ሱሺ፣ ወይን፣ ፖም፤ ጣፋጭ ነበር ይላል፤ ለሚቀጥለው ዘመድ ደግሞ ጣፋጭ ነበር፤ እንደገና ጣፋጭ ነበር፤ ያንኑ የአክብሮት ግስ ሳያሳጥር፣ ሳይለውጥ። ከዚያ የወንድም የእኅቶቹን ልጆች ስም ይጠራና ጥሩ ሰው ሁኑ ይላቸዋል። መጨረሻ ላይ ደክሞኛል፣ መሮጥ አልችልም ይላል። በእንግሊዝኛ ሳነበው የምግብ ዝርዝር መስሎኝ አልፌዋለሁ። በጃፓንኛ፣ መዝገበ ቃላት ከፍቼ፣ ግሱ በተደጋገመ ቁጥር ልቤ እየከበደ፣ መጨረስ አቃተኝ። ሁለት ዓመት የተማረ ተማሪ ትንሽ ቢታገዝ የሚወጣው ጽሑፍ ነው። ስለ ጃፓኖች ትዕግሥት አንድ ሴሚስተር ሙሉ ያስተማሩኝ ሰዎች ግን ስሙንም አላነሡትም። እኛስ ብንሆን፣ ያን ሩጫ ስድሳ ዓመት ስንተርክ፣ ከጀርባ ሲመጣ የነበረው ሰው ምን ሆነ ብለን ጠይቀን እናውቃለን?

«ስልኬ ይተረጉምልኛል» ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ስልክህ ይህንን ደብዳቤ ይተረጉምልሃል፤ የምግብ ዝርዝር አድርጎ። ደግሞስ እንድትፈልገው ማን ይነግርሃል?

አኒሜ ወድዶ ክፍል የመጣውን ልጅ የሚንቁ ምሁራንም አሉ፤ እነሱንም ሳልነካ አላልፍም። ክፍላችን ውስጥ ካንጂ በትጋት ያጠኑት ማንጋ ያለትርጉም ለማንበብ የቋመጡት ልጆች ነበሩ። «ዓለም አቀፋዊ ዕይታ» ለማዳበር ብለው የመጡት ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ አልታዩም። ፍቅር ያመጣውን ተማሪ የምትንቅ ዩኒቨርሲቲ ፍቅሩን ወደ ሦስተኛ ዓመት የምታሻግርበት ድልድይ ልትሠራ ይገባት ነበር፤ እሷ የሳሙራይ ኮርስ ጨመረች።

ካይዘን ስለሚባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የሚወራውን ብዙ አልገባበትም። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ከ2011 ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መፈክሩ ተለጥፎ አይተናል። አሠሪና ሠራተኛ በቶዮታ ፋብሪካ ሲጣሉም ሲስማሙም ምን እንደጻፉ ማን አንብቦልን ነው ዘዴውን ብቻ የተሸከምነው? ከሜጂ ሕገ መንግሥት እስከ ካይዘን፣ ልማዳችን አልተለወጠም፦ ውጤቱን በሌላ ሰው ቋንቋ ተውሰን እንለጥፋለን።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ሆይ፣ ማይነሩን ወይ ማንበብ እስኪያስችል አስተምሩበት፣ ወይ «የጃፓንኛ መግቢያ» ብላችሁ በእውነተኛ ስሙ ጥሩትና ክፍያውን ቀንሱ። «ባህል» የሚለውን ኮርስ ቢያንስ ከግማሽ በላይ በጃፓንኛ ጽሑፍ አድርጉት፤ አጭር ቢሆን፣ ቀላል ቢሆን፣ የጋዜጣ ማስታወቂያም ቢሆን። የቋንቋ መምህሩን በየሴሚስተሩ አታንጠልጥሉት።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ጃፓንኛ ልማር ሲል «ምን ይበላበታል» አትበሉት። «እስከ ስንት ዓመት?» በሉት። ሁለት ዓመት ካለ ከልክሉት፤ አራት ካለ መርቁት።

አንቺም አንተም፣ በዚህ ወር ለሚቀጥለው ሴሚስተር የምትመዘገቡ ልጆች፦ በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን የሳሙራይ ኮርስ ተዉትና ካታሎጉ ላይ ወደተቀበረው የሦስተኛ ዓመት የንባብ ክፍል ሂዱ። ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። ተመዝጋቢ ካነሰ ይሰርዙታል፤ የመመዝገቢያው ቀን ሳያልፍ ስማችሁን አስገቡ።